የድምፁ ባለቤት፦ የዊሊ ሜይ «ቢግ ማማ» ቶርንተን ሕይወትና ሸክላዎች

የሙዚቃ ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሚጻፈው በሽያጭ መዝገብ ነው። ብዙ የሸጠ በትልቅ ፊደል ይጻፋል፤ መንገዱን የጠረገ በግርጌ ማስታወሻ ይቀራል። በ1956 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ኤልቪስ ፕሬስሊ የተባለው ወጣት ነጭ አሜሪካዊ ድምፃዊ «ሃውንድ ዶግ» የተሰኘውን ዘፈን በሸክላ አስቀርጾ በአገሩ የሽያጭ ሠንጠረዥ ላይ ለ11 ሳምንታት አንደኛ ሆኖ ቆየ። ሸክላው ሮክ ኤንድ ሮል የተባለው የወጣቶች ሙዚቃ ዓለምን ማዳረሱን ካበሠሩት አንዱ ሆነ። ሸክላውን ገዝተው ወደ ቤታቸው ከወሰዱት መካከል ግን ዘፈኑ ከሦስት ዓመት በፊት በአንዲት ጥቁር ሴት ድምፅ ታትሞ፣ በየጥቁሮቹ ሰፈር ተደምጦ፣ ያን ጊዜም አንደኛ ወጥቶ እንደነበር የሚያውቁ ጥቂቶች ነበሩ።

ያቺ ሴት ዊሊ ሜይ ቶርንተን ናት። ሕዝብ የሚያውቃት «ቢግ ማማ»፣ ማለትም «ትልቋ እማማ» በሚለው የመድረክ ስሟ ነው። ስለ እርሷ ሲነሣ «ዘፈኗን ነጭ ዘፋኝ ሰረቃት» የሚል አጭር ታሪክ መንገር የተለመደ ነው። እውነቱ ግን ከዚህ ይወሳሰባል፤ ትምህርቱም ከዚህ ይሰፋል። የዘፈኑን ግጥምና ዜማ የጻፉት ሌሎች ናቸው። ሸክላዋን አሳትሞ የሸጠው ነጋዴ እንደ እርሷው ጥቁር ነበር። የዘመኑ ሕግም የእርሷን ድርሻ ከቶ አያውቀውም ነበርና ተጣሰ ለማለት አይቻልም። ሆኖም በፈጠረችው ነገር ሌሎች ሲበለጽጉ እርሷ በድህነት ኖራ በድህነት ሞተች። ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? ይህ ጽሑፍ ሕይወቷንና ሸክላዎቿን በቅደም ተከተል እየመረመረ ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመሻት ይሞክራል።

የብሉዝ መሠረት

ጥያቄውን ለመረዳት በቅድሚያ ብሉዝ ምን ዓይነት ሙዚቃ እንደሆነ ማጤን ያሻል። ብሉዝ በአሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት መገባደጃ ላይ በደቡባዊ አሜሪካ፣ በ1865 ከባርነት ቀንበር በተላቀቁት ጥቁሮች ልጆችና የልጅ ልጆች መካከል የበቀለ የሕዝብ ሙዚቃ ነው። በጥጥ እርሻ ላይ ይዜም የነበረው የሥራ እንጉርጉሮ፣ የቤተ ክርስቲያኑ መዝሙርና የመንገድ ላይ ዘፋኙ ትረካ በአንድነት ገብተውበታል። ቅርጹ ቀላል ነው። ዘፋኙ አንድ ስንኝ ያወጣል፤ ያንኑ ይደግመዋል፤ በሦስተኛው መልስ ይሰጥበታል። በየስንኙ መጨረሻ መሣሪያው በተራው ለድምፁ ምላሽ ይሰጣል።

ይህ ማዕቀፍ የሁሉም ነው፤ የማንም የግል ንብረት አይደለም። በአንድ ዓይነት ማዕቀፍ ውስጥ ሺህ ዘፈኖች ሊዘፈኑ ይችላሉ። አንዱን ከሌላው የሚለየው ዘፋኙ በማዕቀፉ ውስጥ የሚያኖረው ነገር ነው፦ የድምፁ ሻካራነትና ልስላሴ፣ ቃሉን የሚያዘገይበትና የሚያፈጥንበት ጊዜ፣ በስንኝና በስንኝ መካከል የሚጥለው ንግግር፣ ሲቃውና ሳቁ። በብሉዝ ዘንድ ፈጠራ ማለት በአመዛኙ ይኸው ነው። አንባቢው ይህን ነጥብ እንዲይዝልን እንሻለን፤ የቶርንተን ዕጣ የሚፈታው በዚህ ነውና።

በ1920 ማሚ ስሚዝ የተባለች ድምፃዊት «ክሬዚ ብሉዝ» የተሰኘ ዘፈን በሸክላ አስቀርጻ ከፍተኛ ሽያጭ ባስገኘች ጊዜ፣ የሸክላ ኩባንያዎች ጥቁር ሕዝብ ገበያ መሆኑን ተገነዘቡ። ከዚያ ወዲህ የጥቁሮች ሸክላ «የዘር ሸክላ» የሚል ስም ተሰጥቶት ለብቻው በተለየ ዝርዝር ይሸጥ ጀመር። በ1923 ወደ ሸክላ የመጣችው ታላቋ ቤሲ ስሚዝም የዚህ ዘመን ፍሬ ነበረች። «ቢልቦርድ» የተባለው የሙዚቃ ንግድ መጽሔት በ1949 ስሙን ቀይሮ «ሪዝም ኤንድ ብሉዝ» አለው። ስሙ ይሻሻል እንጂ አጥሩ አልፈረሰም፤ ጥቁሮች በአንድ ሠንጠረዥ፣ ነጮች በሌላ ሠንጠረዥ መቆጠራቸው ቀጠለ።

ከአላባማ እስከ ሂውስተን

ዊሊ ሜይ ቶርንተን ታኅሣሥ፣ ማለትም ዲሴምበር 11 ቀን 1926 በአላባማ ግዛት ተወለደች። አባቷ የፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን ሰባኪ ነበር፤ እናቷም በዚያው ትዘምር ነበር። የመጀመሪያው የድምፅ ትምህርት ቤቷ ቤተ ክርስቲያን መሆኑ ግልጽ ነው። እናቷ ገና በለጋ ዕድሜዋ ስለሞተችባት ትምህርቷን አቋርጣ በመጠጥ ቤት የጽዳት ሥራ ተቀጠረች። አሥራ አምስት ዓመት ሳይሞላት ወይም ገና እንደሞላት፣ መቀመጫውን አትላንታ ካደረገው የሳሚ ግሪን «ሆት ሃርለም ሬቪው» ከተሰኘው ተዘዋዋሪ የትርዒት ጓድ ጋር ከቤቷ ወጣች።

የተዘዋዋሪ ጓዶች ሕይወት ለጥቁር ከያንያን እንደ ኮሌጅ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። በዘር መድልዎ ሕግ በተቆለፈው ደቡብ ጥቁር ከያኒ በየነጩ ሆቴል ማደር፣ በየነጩ ምግብ ቤት መመገብ አይፈቀድለትም። ጓዱ ከከተማ ከተማ እየዞረ ዘፈንን፣ ጭፈራንና ቀልድን አጣምሮ ያሳያል። ቶርንተን በዚህ ጓድ ሰባት ዓመት ያህል ስትቆይ መዝፈን ብቻ አልተማረችም፤ ሀርሞኒካና ድራም መጫወትን ማንም ሳያስተምራት ሌሎችን በማየት ቀስማለች። የሙዚቃ ኖታ ማንበብ አትችልም ነበር። ጆሮዋ መጽሐፏ ነበር። የቤሲ ስሚዝንና የሜምፊስ ሚኒን ዘፈኖች እየሰማች አደገች፤ በጓዱም ዘንድ «አዲሲቱ ቤሲ ስሚዝ» እየተባለች ትተዋወቅ ነበር።

በ1948 ጓዱን ትታ ቴክሳስ ውስጥ በምትገኘው ሂውስተን ከተማ ተቀመጠች። ሂውስተን በዚያን ጊዜ ከጦርነቱ በኋላ በነዳጅና በወደብ ሥራ የምትስፋፋ፣ ከገጠር የሚፈልሱ ጥቁር ሠራተኞችን የምትስብ ከተማ ነበረች። ሠራተኛው ባለበት የሙዚቃ ቤት አለ፤ የሙዚቃ ቤት ባለበትም ነጋዴ አለ። ዶን ሮቢ የተባለው ጥቁር ነጋዴ «ብሮንዝ ፒኮክ» የተሰኘውን የምሽት ክበብ ከፍቶ ነበር፤ በ1949 ደግሞ ከክበቡ ስም ወስዶ «ፒኮክ»፣ ማለትም «ጣዎስ» የተባለውን የሸክላ ኩባንያ አቋቋመ። ጥቁር ባለሀብት የራሱን የሸክላ ኩባንያ በደቡብ ማቋቋሙ በዚያ ዘመን ትልቅ ነገር ነበር። ያለ ሮቢ ብዙ የጥቁሮች ድምፅ ሳይቀረጽ በቀረ ነበር። ይኸው ሮቢ ግን ከችግረኛ ዘፈን ደራሲዎች ሥራቸውን በጥቂት ገንዘብ እየገዛ «ዲድሪክ ማሎን» በሚል የብዕር ስም የደራሲነቱን መብት ለራሱ ያስመዘግብ እንደነበር የሙዚቃ ታሪክ ጸሐፊዎች መዝግበዋል። በአንድ ሰው ውስጥ በር ከፋቹም በር ዘጊውም አብረው ነበሩ።

ቶርንተን በ1951 ከሮቢ ኩባንያ ጋር ተዋዋለች። የመጀመሪያዎቹ ሸክላዎቿ እምብዛም አልተሸጡም። በ1952 ከጆኒ ኦቲስ የሙዚቃ ጓድ ጋር ኒው ዮርክ ሄዳ በስመ ጥሩው አፖሎ ቴአትር በቀረበች ጊዜ ግን የተመልካቹ ጩኸት አዳራሹን ሞላው። «ቢግ ማማ» የሚለውን ስም ያወጣላት የዚያው ቴአትር ኃላፊ ፍራንክ ሺፍማን ነው ይባላል። ቁመቷም አካሏም ግዙፍ ነበር፤ ድምፅ ማጉያ ሳያስፈልጋት አዳራሽ የምትሞላ ሴት ነበረች።

ኦገስት 13 ቀን 1952

ጆኒ ኦቲስ ከግሪክ ስደተኞች ተወልዶ፣ ኑሮውንና ሥራውን ከጥቁሮች ጋር ያደረገ የሙዚቃ መሪ ነበር። ሎስ አንጀለስ ውስጥ ልምምድ በሚያደርግበት ቤት ሁለት ወጣት ዘፈን ደራሲዎችን ጋበዘ። ጄሪ ሊበርና ማይክ ስቶለር ይባላሉ። ሁለቱም ከአይሁድ ቤተሰብ የተወለዱ፣ ሁለቱም የ19 ዓመት ልጆች፣ ሁለቱም የጥቁሮች ሙዚቃ ፍቅር ያደረባቸው ነበሩ። ቶርንተን ስትዘፍን አይተው ከቤቱ እንደወጡ፣ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ለእርሷ ጠባይና ድምፅ የሚስማማ ዘፈን ደረሱ። ዘፈኑ «ሃውንድ ዶግ» ነበር፤ ቃሉ በቀጥታ ሲፈታ «አዳኝ ውሻ» ማለት ነው። በዘፈኑ ውስጥ ግን ውሻው ውሻ አይደለም። በሴት ጉልበት የሚኖር፣ በደጇ እየተልከሰከሰ ምግቧንና ፍቅሯን የሚሻ ሰነፍ ወንድ ነው። ዘፋኟ ይህን ወንድ ደጇ ላይ ቆማ ታባርረዋለች።

ሸክላው የተቀረጸው ኦገስት 13 ቀን 1952 በሎስ አንጀለስ ነው። ስለዚያ ቀን ሁለት ምስክርነት አለ። ደራሲዎቹ እንደሚሉት ቶርንተን መጀመሪያ ቃላቱን ለስለስ አድርጋ ልትዘፍናቸው ስትሞክር ሊበር በራሱ ድምፅ ኃይለ ቃሉን አሳያት፤ በቀረጻው ላይም ምቱ እንዲሰምር ኦቲስ ራሱ ድራሙን ያዘ። ቶርንተን በበኩሏ ስትናገር፣ ልጆቹ ቃላቱን በወረቀት ከረጢት ላይ ጽፈው እንዳመጡላትና በመካከሉ ያለው ንግግርና ጩኸት ግን የራሷ ፈጠራ እንደሆነ ታስረዳለች።

ከሁለቱ ምስክሮች በላይ ሸክላው ራሱ ይመሰክራል። በቀረጻው ውስጥ ቱባና ሳክስፎን የመሰሉ ነፋስ መሣሪያዎች የሉም፤ ያሉት ጊታር፣ ባስና ድራም ብቻ ናቸው። ስለዚህ መላው ሸክላ የቆመው በድምፅዋ ላይ ነው። ጊታሩን የያዘው ፒት ሉዊስ ነው። ቶርንተን የመጀመሪያውን ስንኝ ከጉሮሮዋ ሥር አውጥታ እንደ ማጉረምረም ታደርገዋለች፤ ቃሉን ከምቱ ጥቂት ታዘገየዋለች፤ በጊታሩ ብቻ በሚሞላው መካከለኛ ክፍል ደግሞ አትቀመጥም። ጊታር ተጫዋቹን በንግግር ታበረታታዋለች፤ ታሾፍበታለች፤ ታዘዋለች። በመጨረሻም የጓዱ አባላት እንደ ውሻ እየጮኹ ይዘጉታል። ይህ ሁሉ በደራሲዎቹ ወረቀት ላይ ሊጻፍ የሚችል ነገር አልነበረም። ወረቀቱ ግጥሙን ይይዛል፤ ዜማውንም በኖታ ማስፈር ይቻላል። ማጉረምረሙን፣ መዘግየቱንና ትእዛዙን የሚይዘው ግን ሸክላው ብቻ ነው።

ሸክላው በ1953 መጀመሪያ ላይ ወጣ። በ«ቢልቦርድ» የሪዝም ኤንድ ብሉዝ ሠንጠረዥ ላይም ለሰባት ሳምንታት አንደኛ ሆነ። ቶርንተን በዕድሜዋ በሽያጭ ሠንጠረዥ ላይ የወጣላት ዘፈን ይህ አንዱ ብቻ ነው። ከዚህ ዘፈን ያገኘችው የ500 ዶላር አንድ ቼክ ብቻ እንደነበረና ከዚያ በኋላ አምስት ሳንቲም እንዳላየች እስከ ዕድሜዋ ፍጻሜ ትናገር ነበር።

ወረቀቱና ድምፁ

እዚህ ላይ ሕጉን መመርመር ግድ ይሆናል። በዚያን ጊዜ በዩናይትድ ስቴትስ ይሠራበት የነበረው የ1909 የደራሲነት መብት ሕግ ነበር። ሕጉ የሚጠብቀው የተጻፈውን ዘፈን፣ ማለትም ቃሉንና ዜማውን ነው። አንድ ዘፈን በሸክላ ሲታተም ኩባንያው ለዘፈኑ ባለመብት በእያንዳንዱ ቅጂ 2 ሳንቲም እንዲከፍል ሕጉ ይደነግጋል። አንድ ሚሊዮን ሸክላ ቢሸጥ 20,000 ዶላር ይሆናል ማለት ነው። ለተቀረጸው ድምፅ ግን በፌዴራሉ ሕግ ምንም ጥበቃ አልነበረም። የድምፅ ቅጂ የመብት ጥበቃ ያገኘው ከፌብሩዋሪ 15 ቀን 1972 ወዲህ ነው። ዘፋኙ የሚያገኘው ከኩባንያው ጋር በገባው ውል ላይ የተጻፈለትን ብቻ ነበር፤ ውሉን የሚያረቅቀው ኩባንያው ነው፤ ሒሳቡን የሚይዘውም ኩባንያው ነው።

በመሆኑም በ«ሃውንድ ዶግ» ዙሪያ የተነሡትን ክርክሮች ስንመለከት አንድ አስገራሚ ነገር እናያለን። በዚያው በ1953 ሜምፊስ የሚገኘው የሰን ሸክላ ኩባንያ በሩፉስ ቶማስ ድምፅ «ቤር ካት» የሚል የመልስ ዘፈን አወጣ፤ ዜማው የዚያው ስለነበር ሮቢ ከሰሰ፣ ረታም። ሊበርና ስቶለር ከሮቢ የተላከላቸው የ1,200 ዶላር ቼክ ክፍያው ታግዶ ባዶ ወረቀት ሆነባቸው። ጆኒ ኦቲስም የደራሲነት ድርሻ አለኝ ብሎ ያነሣው ክርክር እስከ ኒው ዮርክ ፌዴራል ፍርድ ቤት ደርሶ በ1957 ተሸነፈ። አሳታሚው፣ ደራሲዎቹና የጓዱ መሪ ሁሉ ስለ ዘፈኑ ባለቤትነት ተሟገቱ። የሚሟገቱት ሁሉ ግን ስለ ወረቀቱ ነበር። ዘፈኑን ሕይወት የዘራችበት ሴት ስለ ድምፅዋ የምትሟገትበት የሕግ በር አልነበራትም።

በ1956 የሆነውም በዚሁ ዓይን ሊታይ ይገባዋል። ኤልቪስ ፕሬስሊ ዘፈኑን ወደ መድረክ ያመጣው ላስ ቬጋስ ውስጥ ፍሬዲ ቤልና ጓደኞቹ ሲጫወቱት ካየ በኋላ ነው። ፍሬዲ ቤል ቃላቱን ለውጦ፣ የተባረረውን ወንድ አስወግዶ፣ ውሻውን እውነተኛ ውሻ አድርጎት ነበር። ፕሬስሊም በጁላይ 2 ቀን 1956 ኒው ዮርክ ውስጥ ከ30 ጊዜ በላይ ደጋግሞ ቀረጸው። ሸክላው በራሱ ብርታት ያለው ነው፤ የድራሙ ናዳና የጊታሩ ስለት ወጣቱን ለመማረክ በቂ ነበር። ሆኖም በሁለቱ ሸክላዎች መካከል ትርጉሙ ጠፍቷል። በመጀመሪያው አንዲት ጥቁር ሴት የቤቷና የገዛ ሰውነቷ አዛዥ መሆኗን ታውጃለች፤ በሁለተኛው አንድ ጎረምሳ በማይረባ ውሻ ላይ ይጮኻል። ለሁለተኛው ሸክላ የደራሲነቱ ገንዘብ በሕጉ መሠረት ለባለመብቶቹ ተከፈለ። ለቶርንተን የሚከፈላት አልነበረም። የበሬን ምስጋና ፈረስ ወሰደው እንደሚባለው ሆነ።

ከምዕራብ ዳርቻ እስከ ለንደን

ከ«ሃውንድ ዶግ» በኋላ ለፒኮክ ካስቀረጸቻቸው መካከል «ዘይ ኮል ሚ ቢግ ማማ» እና የእነሊበር ድርሰት የሆነው «አይ ስሜል ኤ ራት» ይገኛሉ። በዲሴምበር 25 ቀን 1954 አብሯት ይዞር የነበረው ወጣቱ ድምፃዊ ጆኒ ኤስ ሂውስተን ውስጥ ከመድረክ በስተጀርባ በገዛ ሽጉጡ ሲጫወት ሕይወቱ ባለፈ ጊዜ በክፍሉ ከነበሩት አንዷ ቶርንተን ነበረች፤ የምስክርነት ቃሏንም ሰጥታለች። የሮክ ኤንድ ሮል ማዕበል እየበረታ ሲሄድ የብሉዝ ገበያ ቀዘቀዘ፤ ከሮቢ ጋር የነበራት ውልም አከተመ። በ1950ዎቹ መገባደጃ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ ሄዳ በየትንንሹ ክበብ እየዘፈነች፣ ሀርሞኒካና ድራም እየተጫወተች ዓመታት አሳለፈች።

እንደገና የተነሣችው ከገበያው ውጭ በመጡ ሰዎች ነው። ከጀርመን በልጅነቱ ተሰድዶ የመጣው ክሪስ ስትራክዊትዝ በ1960 «አርሁሊ» የተባለ አነስተኛ የሸክላ ኩባንያ አቋቁሞ የሕዝብ ሙዚቃን ያስቀርጽ ነበር። በሌላ በኩል ሆርስት ሊፕማንና ፍሪትዝ ራው የተባሉ ጀርመናውያን ከ1962 ጀምሮ «የአሜሪካ ፎልክ ብሉዝ ፌስቲቫል» በሚል ርእስ የብሉዝ ከያንያንን በየዓመቱ ወደ አውሮፓ ይጋብዙ ነበር። ቶርንተን በ1965 ከዚህ ጓድ ጋር ተጓዘች። በአገሯ በጭስ በታፈነ ክበብ የምትዘፍነው ሴት በአውሮፓ በታላላቅ የሙዚቃ አዳራሾች ቆመች።

በዚሁ ጉዞ ኦክቶበር 20 ቀን 1965 ለንደን ውስጥ ለአርሁሊ ያስቀረጸችው «ቢግ ማማ ቶርንተን ኢን ዩሮፕ» ከሥራዎቿ ሁሉ በላጩ ነው ቢባል የሚከራከር ጥቂት ነው። በወጣትነት ዕድሜው የነበረው በዲ ጋይ በጊታር፣ ፍሬድ ቢሎው በድራም፣ ዋልተር ሆርተን በሀርሞኒካ አጅበዋታል። በዚያው ሸክላ ላይ ከሚሲሲፒው ገበሬ ጊታር ተጫዋች ከፍሬድ ማክዳወል ጋር ብቻዋን የምትዘፍንባቸው ክፍሎችም አሉ። በእነዚህ ክፍሎች ድራም የለም፤ ባስ የለም፤ የማክዳወል ጊታር ልክ እንደ ሁለተኛ ድምፅ ያንጎራጉራል፤ እርሷም የተዘዋዋሪ ጓድን ጩኸት ትታ ወደ አላባማ የልጅነት ድምፅዋ ትመለሳለች። ትልቅ ድምፅ ማለት ሁልጊዜ መጮኽ አለመሆኑን ለማወቅ የሚፈልግ ወጣት ድምፃዊ እነዚህን ቀረጻዎች ቢያዳምጥ ይጠቀማል።

በ1966 ደግሞ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ከመዲ ዋተርስ የብሉዝ ጓድ ጋር ሁለተኛውን ሸክላ ለአርሁሊ አስቀረጸች። ኦቲስ ስፓን በፒያኖ፣ ጄምስ ኮተን በሀርሞኒካ ነበሩ። የቺካጎ ከተማ ብሉዝ በኤሌክትሪክ ጊታር ተጠናክሮ የነበረው ጉልበትና የቶርንተን የደቡብ ትርዒት ልምድ በአንድ ክፍል ውስጥ የተገናኙበት ሥራ ነው።

«ቦል ኤንድ ቼይን»

የመጀመሪያው ዕጣ በሁለተኛ ዘፈን ተደገመ፤ በዚህ ጊዜ ግን ቃሉም ዜማውም የራሷ ነበር። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የደረሰችውን «ቦል ኤንድ ቼይን» የተሰኘ ዘፈን ቤይ-ቶን ለተባለ አነስተኛ የካሊፎርኒያ ኩባንያ አስቀርጻው ነበር። ርእሱ በእስረኛ እግር ላይ የሚታሰረውን የብረት ኳስና ሰንሰለት ያመለክታል፤ ፍቅር እንደ እግር ብረት የሚከብድባት ሴት ሰቆቃ ነው። ኩባንያው ሸክላውን ሳያወጣው ቀረ፤ የዘፈኑን መብት ግን ይዞ ቀረ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጃኒስ ጆፕሊን የተባለችው ነጭ ወጣት ድምፃዊት ሳን ፍራንሲስኮ በሚገኝ ክበብ ቶርንተን ይህን ዘፈን ስትዘፍን ሰማች። ለመዝፈንም ፈቃዷን ጠየቀች፤ ቶርንተንም ፈቀደች። ጆፕሊን በጁን 1967 በሞንተሬይ የሙዚቃ ፌስቲቫል ላይ ዘፈኑን አቀረበችው፤ ያ ቀን ከማይታወቅ ጓድ ዘፋኝነት አውጥቶ በመላው አገር አሳወቃት። በ1968 የወጣውና ዘፈኑን የያዘው «ቺፕ ትሪልስ» የተሰኘ ሸክላዋም ለስምንት ሳምንታት አንደኛ ሆኖ ቆየ። ጆፕሊን ከማን እንደተማረች አልሸሸገችም፤ የቶርንተንን ስም በአደባባይ ታነሣ ነበር። ይህም በአክብሮት መውረስና ስም አጥፍቶ መውሰድ የተለያዩ መሆናቸውን ያሳያል። ቶርንተንም በዚህ ምክንያት አዲስ አድማጭ አገኘች፤ አርሁሊም የእርሷን ቀረጻ በ1968 አወጣው። ይሁን እንጂ የዘፈኑ መብት በሌላ እጅ ስለነበር ከታላቁ ሽያጭ የሚገባትን ያህል አልተቋደሰችም።

ሁለቱን ዘፈኖች ጎን ለጎን ስናስቀምጣቸው ነገሩ ግልጽ ይሆናል። በ«ሃውንድ ዶግ» ወረቀቱ የሌሎች፣ ድምፁ የእርሷ ነበር፤ ሕጉ ለድምፁ ዋጋ አልሰጠምና አጣች። በ«ቦል ኤንድ ቼይን» ወረቀቱም ድምፁም የእርሷ ነበር፤ ግን ችግረኛ ከያኒ ወረቀቱን አሳልፎ ለመስጠት የሚያስገድደው ውል ይቀርብለታልና አሁንም አጣች። እንግዲህ የዘር መድልዎ ብቻውን አያስረዳውም፤ ሕግ ብቻውንም አያስረዳውም። መድልዎው ገበያዋን አጠበበ፤ የሕጉ ዝምታ የድምፅዋን ዋጋ ሻረ፤ ድህነቷ ደግሞ ውል ለመምረጥ የሚያስችል አቅም ነሣት። ሦስቱ ተደጋግፈው ሠሩ።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት

በ1969 «ስትሮንገር ዛን ደርት» የተሰኘ ሸክላ ለመርኩሪ ኩባንያ አስቀረጸች። በ1971 ደግሞ የልጅነት ቤቷን በማስታወስ መንፈሳዊ መዝሙሮችን የያዘ «ሴቭድ» የተሰኘ ሥራ አወጣች። በ1975 የወጣው «ጄይል» ግን ለየት ያለ ነው። በዋሽንግተንና በኦሬጎን ግዛቶች በሚገኙ እስር ቤቶች ውስጥ፣ በእስረኞች ፊት የተቀረጸ ነው። «ሃውንድ ዶግ» እና «ቦል ኤንድ ቼይን» በዚህ ሸክላ ላይ እንደገና ይሰማሉ። የእግር ብረት ዘፈን በእስረኞች ፊት ሲዘፈን አዲስ ትርጉም ያገኛል፤ የታዳሚዎቹ ጩኸትና መልስም የዘፈኑ አካል ሆኖ ይደመጣል። ሥልጠናዋ የመድረክ፣ ሥራዋም ከሰው ጋር መነጋገር እንደነበረ ከዚህ ሸክላ የተሻለ ማስረጃ የለም።

ለብዙ ዓመታት የወንድ ሱሪና ሸሚዝ ለብሳ፣ ባርኔጣ ደፍታ መድረክ ላይ ትወጣ ነበር። ሴት ድምፃዊት በሐር ቀሚስና በጌጥ እንድትታይ በሚጠበቅበት ዘመን ይህ ድፍረት ነበር። በ1980 ኒው ዮርክ ውስጥ ለብሉዝ ሴቶች ክብር በተዘጋጀው ምሽት ከአረጋዊቷ ሲፒ ዋላስ ጋር በቀረበች ጊዜም ሙሉ የወንድ ልብስ ለብሳ ነበር። በዚያን ጊዜ ግን ሕመምና መጠጥ ያን ግዙፍ አካል አክስተውት ነበር፤ ድምፁ ብቻ አልከሳም።

ጁላይ 25 ቀን 1984 ሎስ አንጀለስ ውስጥ በአንድ የኪራይ ማደሪያ ቤት በ57 ዓመቷ አረፈች። የቀብር ሥርዓቷን የመራው ከ32 ዓመት በፊት በ«ሃውንድ ዶግ» ቀረጻ ላይ ድራም የመታላት፣ በኋላም ሰባኪ የሆነው ጆኒ ኦቲስ ነበር። ያረፈችው ለብቻዋ በተሠራ ሐውልት ሥር አይደለም፤ በኢንግልዉድ መካነ መቃብር ከሌሎች ጋር በጋራ በተቆፈረ መቃብር ውስጥ ነው።

ክብሩ ዘግይቶም ቢሆን መምጣቱ አልቀረም። በሞተችበት በ1984 ስሟ በብሉዝ የዝና አዳራሽ ሰፈረ። የ1952ቱን ቀረጻዋን የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ለትውልድ ሊጠበቁ ይገባቸዋል ብሎ በ2016 ከመረጣቸው የድምፅ ቅርሶች መካከል አካተተው። በ2024 ደግሞ የሮክ ኤንድ ሮል የዝና አዳራሽ በሙዚቃው ላይ ላሳደረችው ተጽዕኖ ዕውቅና ሰጣት። ያ ሙዚቃ በሌሎች ስም ሲሸጥ ከነበረበት ከ1956 ወዲህ 68 ዓመት ሙሉ ሌሎች ሲከበሩበት ቆይቷል።

የሸክላው ምስክርነት

ከዚህ ታሪክ ለኪነ ጥበብ ሰዎችና ለመምህራን የሚተርፈው ምንድን ነው? የቶርንተንን ሕይወት እንደ አሳዛኝ ተረት ተርኮ ማለፍ ይቻላል፤ ግን እርሷን መልሶ ማሳነስ ይሆናል። ከ500 ዶላሩ ቼክ በላይ የሚያስታውሳት ሥራዋ ነው። መምህሩ የ1952ቱንና የ1956ቱን «ሃውንድ ዶግ» በተከታታይ አሰምቶ፣ የዘፈኑ መሠረት አንድ ሆኖ ሳለ ከቃሉ መለወጥ ሌላ ልዩነቱን የፈጠረው ምን እንደሆነ ተማሪዎቹን ቢጠይቅ፣ የድምፅ ፈጠራ ምን ማለት እንደሆነ ከረጅም ገለጻ ይልቅ በአምስት ደቂቃ ሊያስረዳ ይችላል። ወጣት ድምፃዊም ከዚያው ሁለት ነገር ይማራል፦ የሌላ ሰው ድርሰት ሲዘፍን የራሱን ፈጠራ እንደሚጨምርበት፣ ውል ሲቀርብለትም ያን ፈጠራውን ማስጻፍ እንዳለበት።

ኖታ የማታነብ፣ ከትምህርት ገበታ በልጅነቷ የተነሣች የአላባማ ሴት ከሦስት ደቂቃ ባነሰ ሸክላ ላይ ያኖረችውን ነገር የዘመኗ ሕግ ስም ሊያወጣለት አልቻለም ነበር። በ1961 በሮም የተፈረመው ዓለም አቀፍ ስምምነት የከያኒውን የአቀራረብ መብት ሲያውቅ፣ በአገሯም በ1972 የተቀረጸ ድምፅ በሕግ ሲጠበቅ፣ ሕጉ እርሷ በ1952 በጉሮሮዋ ያረጋገጠችውን እውነት ዘግይቶ መጻፉ ነበር። መዝገቡ የባለቤቱን ስም ሳያሰፍር ቢቀርም፣ መርፌው ሸክላው ላይ ባረፈ ቁጥር የድምፁ ባለቤት ማን እንደሆነ አድማጭ ሁሉ ያውቀዋል።